ጠላ ተሸክሞ ወደ ቡሬ

ቤቴ መጥታችሁ በርጩማው ላይ ቁጭ እያላችሁ «ዘነቡ፣ ቡሬ ደርሰሽ መጣሽ አሉ፣ እንዴት ነው አገሩ?» ያላችሁኝ በዝታችኋል። ለእያንዳንዱ ሰው እየደጋገምኩ ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀ። አብዛኞቻችሁ ደግሞ ከጉለሌ ተነስታችሁ ቡሬ እንደማትሄዱ አውቃለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አንብቡት። ከዚህ በኋላ የጠየቀኝ ሰው ጠላ አልቀዳለትም።

ነገሩ የተነሳው በሰሌዳዬ ነው። በሬ ላይ «የቡሬ ጥቁር ጠላ» የሚል ተጽፎ እንዳለ ታውቃላችሁ። ጥቃቅንና አነስተኛ የሚባሉት መጥተው «ለድርጅትሽ ስም አውጪ» ሲሉኝ ሳላመነታ ያወጣሁት ስም ነው። እኔ ቡሬን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ጠላውን ያስተማረችኝ ጎረቤቴ እማማ የሺ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና። ልጅ አልነበራትም። ዳጉሳውን እንዴት እንደማጠቁረው፣ ጋኑን በወይራ እንዴት እንደማጥነው እጄን ይዛ አሳየችኝ። ስትሞትም ጋኗን ለእኔ ተወችልኝ። «ይሄ የቡሬ ጠላ ነው» ትል ነበር ሁልጊዜ። ስለ አገሯ ከዚህ ሌላ ብዙም አታወራም።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የእህል ነጋዴ ገባ። አንዷለም ይባላል፤ በአይሱዙ በቆሎ ጭኖ ከቡሬ የመጣ ጎልማሳ ነው። ሰሌዳውን አይቶ ደስ ብሎት ነው የገባው። አንድ ጊዜ ተጎነጨና ጣሳውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ጠላሽ አይከፋም» አለ። «ቡሬ የሚለውን ግን አውርጅው።»

«ለምን ተብሎ?»

«ቡሬ ተወልጀ ቡሬ አድጌ እንዲህ ያለ ጠላ በአፌ ዞሮ አያውቅም። የእኛ ጠላ ቀለል፣ ነጣ ይላል። ይሄ ከሰል ነው።»

ከሰል! ቤቱ ሙሉ ሰው እያለ! ደሜ ፈላ። እማማ የሺ ያን ሁሉ ዓመት ዋሸችኝ ማለት ነው? እኔስ እናንተን ስዋሻችሁ ኖርኩ ማለት ነው?

«ስማ» አልኩት፣ «ይሄንኑ ጠላ ተሸክሜ እናትህ ደጅ ድረስ አመጣልሃለሁ። ሽማግሌው፣ አሮጊቱ ይቅመሰው። የእኛ አይደለም ካሉ በገዛ እጄ ሰሌዳውን አወርደዋለሁ። ነው ካሉ ግን ከሰል ያልክበትን አፍህን ታጥበህ ትመጣለህ።»

ሳቀ። «እንግዲያው ለኅዳር ሚካኤል ነይ፣ ማህበሩ እኛ ቤት ነው» አለኝና ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። የቀልዴን መስሎት ነው።

ሐሙስ

ገና ሳይነጋ ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ሞልቼ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ረዳቱ አየኝና «እናቴ፣ ምንድነው?» አለ።

«ጠላ።»

«ወደ ጎጃም? ጎጃም ጠላ ያለቀባቸው መሰለሽ?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ጣሪያ ላይ ልጫነው አለ። «እሱ ጣሪያ ላይ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ» አልኩት። ተከራክረን ተከራክረን እግሬ ስር አስቀመጥኩት።

እስከ ጎሃ ጽዮን ደህና ሄድን። ከዚያ የአባይን ቁልቁለት ስንጀምር ሙቀቱ መጣ። ሰው ሁሉ መስኮቱን ከፍቶ ገደሉንና ጃፓኖች የሠሩትን አዲሱን ድልድይ ያያል። እኔ የማየው ጀሪካኔን ነው። ሆዱ ተነፋ። ጠላ ሻጭ ሆኜ ይሄ ይጠፋኛል? አይጠፋኝም፤ ክዳኑን ላላ ማድረግ ነበረብኝ። ግን ብከፍተው ይፈሳል፣ ረዳቱም እንዲህ ብዬሽ ነበር ይለኛል፣ እሱን ደግሞ ሞቼ አልሰማም። በእግሬ ጨብጬ ያዝኩት።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ቧ! አለ። ክዳኑ ጣሪያውን መታ፤ ጠላው ተከትሎት ወጣ። ከፊቴ የተቀመጡት አንድ መርጌታ ነጭ ጥምጣማቸው ቡናማ ሆነ። ሴቶቹ ጮኹ። አውቶቡሱ በአንዴ ሰርግ ቤት ሰርግ ቤት ሸተተ። ረዳቱ «አውርዷት!» ይላል። እኔም ተነስቼ ቆምኩና «ምን ያስጮኻችኋል፣ ጠላ አይታችሁ የማታውቁ ይመስል!» ብዬ ጮህኩባቸው። ውስጤ ግን ማልቀስ ነበር የፈለገው።

መርጌታው ጥምጣማቸውን ፈቱ። ጨመቁት። ጢማቸው ላይ የቀረውን በምላሳቸው ቀመሱት።

«ልጀ፣ ጠበል እንኳ እንዲህ አርሶኝ አያውቅም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ጌሾው ግን ደህና ነው» አሉ።

አውቶቡሱ በሳቅ ሞተ። ሊያወርደኝ የነበረው ረዳትም ሳቀና ተወኝ። መርጌታን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብል «ተይ፣ ተይ፣ ጠላ ነው እንጅ መርዝ አይደለም» ብለው አነሱኝ።

ደጀን ለምሳ ወረድን። ከጀሪካኑ ግማሽ ያህሉ ቀርቷል፤ ክዳኑም ተሰንጥቋል። የምግብ ቤቷ ባለቤት ጉዳዬን ሰምታ ከጓዳ ቆረቆንዳ አመጣችልኝ፤ ፍሬው ተፈልፍሎ የቀረ የበቆሎ ራስ ማለቴ ነው። መርጌታ በሰንጢያቸው ጠርበው ልክ አደረጉት፤ መሃሉን ደግሞ በወስፌ በሱት።

«ለምን ይበሱታል አባቴ?»

«ይተንፍስበት። የታፈነ ነገር መጨረሻውን አይተሽዋል።»

አጠገባችን ሻይ የሚጠጣ፣ ደረት ኪሱ ላይ ስክሪብቶ የደረደረ፣ ካድሬ የሚመስል ሰውዬ ቀና ብሎ አያቸው። መርጌታ ፈገግ አሉ። «ጠላውን ነው» አሉት። ሰውዬው ወደ ሻዩ ተመለሰ፣ እኛም ወደ ምሳችን። ክፈሉ የሚባል ሂሳብም አልነበረም፤ የምግብ ቤቷ ባለቤት «የጥምጣሙ ካሳ ይሁንልኝ» ብላ አልቀበልም አለች። አዲስ አበባ ቢሆን ቆረቆንዳውንም ይሸጡልኝ ነበር።

ማታ ደብረ ማርቆስ ደረስን። መርጌታ እዚያው ሊያድሩ ዘመድ ቤት ሄዱ፤ እኔ መናኸሪያው አጠገብ ክፍል ተከራየሁ። ስለ አልጋው ምንም አልልም። ቁንጫዎቹ ግን እንግዳ ይወዳሉ።

አርብ

ጠዋት በሚኒባስ ተነሳሁ። ከደምበጫ በኋላ በግራም በቀኝም በቆሎ ነው። የደረቀ በቆሎ፣ የታጨደ በቆሎ፣ ቤት ደጃፍ ላይ የተከመረ በቆሎ። እማማ የሺ ስለ አገሯ ስታወራ ስለ ዳጉሳ ነበር የምታወራው። ዓይኔን ብዘረጋ፣ ብዘረጋ ዳጉሳ የለም።

ጅጋ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ «ብዙም አይቆይ» ሲል ብዙ እንደሚቆይ ገባኝና ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ጠላ ቤት ፈለግሁ። ገበሬዎች ለገበያ በእግራቸው እየገቡ ነው፤ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አንዳንድ ጣሳ ጠጥተው ይወጣሉ። እኔም አንድ አልኩ። ነጣ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ልክ አንዷለም እንዳለው።

«ከምንድነው የጠመቅሽው እህቴ?» አልኳት ባለቤቷን።

«ከበቆሎ ነዋ! ከምን ሊሆን ኖሯል?»

«ጥቁር ጠላስ የለም?»

«ጥቁር?» ፊቴን አየችኝ። «ያረረ ማለትሽ ነው?»

ጣሳዬን ጨርሼ ወጣሁ። ሚኒባሱ ጥግ ተቀምጬ «እማማ የሺ፣ ምን ጉድ ውስጥ ነው የከተትሽኝ?» አልኳት፤ እውነቴን ነው፣ ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኳት። ጎማ የሚፈታው ሾፌር ዘወር ብሎ አየኝ። ልመለስ ወይ ብዬም አሰብኩ። ተመልሼ ግን ምን ልላችሁ ነው? እናንተ ደግሞ መች ትለቁኛላችሁ!

ፍኖተ ሰላም ስገባ ቀኑ ተጋምሷል፤ አንዷለም የሚጠብቀኝ ቅዳሜ ስለነበር እዚያው ላድር አሰብኩ። ከዋናው መንገድ በጋሪ ተሳፈርኩ፤ ባጃጁ ይፈጥናል ግን እንደ አውቶቡሱ እንዳያናውጥብኝ ፈራሁ። የጋሪው ባለቤት ፈረሱን ቀስ አድርጎ እየነዳ አንዲት ሙሉ የምትባል ሴት ፔንሲዮን አወረደኝ። እሷም ጀሪካኑን ስታይ አልሳቀችም። ከመኝታ ክፍሌ ይልቅ ጓዳዋ ቀዝቃዛ መሆኑን ነግራኝ ከድንች ጆንያዎቹ መሃል እርጥብ ጨርቅ ጠምጥማ አስቀመጠችልኝ። አርብ ስለነበር ሽሮ በአንድ ትሪ በላን።

ታሪኬን ስትሰማ ከፍሪጅ አንድ ጠርሙስ ጥቁር ቢራ አወጣች። «ጥቁር ፈልገሽ ከሆነ እኛ አገር ያለው ጥቁር ይሄ ነው። በእኔ ነው፣ ጠጭ።»

ቀዳሁት። ሲያዩት የእኔን ይመስላል፤ አረፋውም ያምራል። ሲቀምሱት ይጣፍጣል፣ ይበርዳል፣ ከዚያ ይጠፋል። የእኔ እንዲህ አይጠፋም፣ እስኪነጋ ምላስ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ስላት ሙሉ ሳቀች።

«አንቺ ሴት፣ ምን አስጨነቀሽ? ሰው ጠላሽን ከወደደው ስሙን ቀይሪና ተኚ። ‹የጉለሌ ጥቁር ጠላ› ብትይው ማን ይከስሻል?»

«የሰው ልጅ አሳድጌ በእኔ ስም ልጥራው? ጠላው የእማማ የሺ ነው። ቡሬ ነው ብላለች፣ ቡሬ ነው።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ካልሆነ ነው! እስኪነግሩኝ ግን አላወርድም።»

ቅዳሜ

ሙሉ በጠዋት ተነስታ ጨርቁን ቀይራልኝ ቡሬ መኪና ላይ አሳፈረችኝ። አንዷለም መናኸሪያው ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ስደውል እንኳ አላመነኝም ነበርና ጀሪካኑን ሲያይ ክው አለ።

«የምርሽን ነው እንዴ?»

«አፍህን ታጥበሃል?»

ሳቀና ጀሪካኑን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገው። መንደራቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ በእግር ነው የሚኬደው። እሱ ያን የሚያህል ነጋዴ፣ መንገድ ላይ የሚያውቀው ሁሉ እያስቆመ «ምንድነው የተሸከምከው?» ሲለው «የአዲስ አበባ ጠላ» እያለ፣ እየተሳቀበት፣ አንዴም ላሳርፈው ሳይል አደረሰልኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ልጠላው ሞክሬ አቃተኝ።

እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ ተቀበሉኝ። ውሃ አሙቀው እግሬን አጠቡኝ። «ኧረ ይተዉ፣ በእናቴ!» ብል ማን ይሰማኛል! እኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ ጫማህን አውልቅ ይባላል እንጂ ማን እግሩን ያጥብለታል? ከዚያ ለነገው ማህበር ከጠመቁት ቀዱልኝ። ቀድመው እሳቸው ተጎነጩ፣ ቀጥሎ ሰጡኝ። የበቆሎ ጠላ ነው፣ ነጣ ያለ። ቆንጆ ነው። እሱ ነው ያናደደኝ፤ መጥፎ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ማህበርተኛው ግቢውን ሞላው። የደብሩ ቄስ ጸሎት አድርሰው፣ ጽዋው ዞሮ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ወጡ ተበልቶ አለቀ። አንዷለም ተነሳና ነገሩን ተናገረ፤ አንድም አልደበቀ፣ ከሰል ማለቱንም ጭምር። «እንግዲህ እኔ ተሳስቼ እንደሆነ፣ እሷም ተሳስታ እንደሆነ እናንተ ፍረዱን» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከጥግ በኩል እናና ስመኝ የሚሏቸው፣ የመንደሩ ትልቅ አሮጊት፣ ዓይናቸው ደክሟልና ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

ቆረቆንዳውን ነቅዬ በዋንጫ በዋንጫ ቀዳሁ። ለቄሱ፣ ለእናና ስመኝ፣ ለትልልቆቹ ሰዎች አቀረብኩ። ተቀበሉኝ። አመሰገኑኝ። አንድም ሰው አልጠጣም።

ቆየሁ። ዋንጫውን ይዘው ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬ ዋጋ ያወራሉ። ፊቴ ጋለ። ሳይቀምሱት ናቁት! ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አጥቤ! ከእንግዲህ ይሉኝታ የለም ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ቄሱ ቀስ ብለው ወይዘሮ ጥሩወርቅን ጠየቋቸው፤

«ይሄ ጠላ ባለቤት የለውም?»

በአንዴ ገባኝና ላብ አጠመቀኝ። ባለቤቱ ሳይቀምስ ማን ይጠጣል? ትናንት ወይዘሮ ጥሩወርቅ በፊቴ ቀድመው ተጎነጩ፤ እኔ ግን ለገበያ ስቀዳ ኖሬ፣ ጉለሌ ሒሳቡን ከፍሎ የሚጠጣ እንጂ ቅመሺልኝ የሚል የለም፣ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። «አበስኩ ገበርኩ! ይቅር በሉኝ!» ብዬ ዋንጫ አነሳሁና ጠጣሁ።

ጠላዬ ደክሟል። ሙቀቱና መንቀጥቀጡ ጎድቶታል፣ ሆምጠጥ ብሏል። ቤቴ ቢሆን ለእናንተ አልቀዳውም። መንገድ ነው፣ አውቶቡስ ነው ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ይዤ የመጣሁት ይሄን ነው፤ በዚህ ይፍረዱኝ።

ጠጡ። ወጣቶቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። አንዱ «መድኃኒት ነው የሚመስለው» አለ። አንዷለም መሬት መሬት አየ። ቄሱ ጠጥተው ጢማቸውን ጠረጉ።

እናና ስመኝ አንዴ ተጎነጩ። ደገሙ። ዋንጫውን አፍንጫቸው ስር ይዘው ቆዩ።

«መንገድ አድክሞታል» አሉ።

ማንም አልነገራቸውም።

«ጌሾም ትንሽ በዝቶበታል። እንግዲህ እጅ ነው፣ ይለያያል።» እንደገና ተጎነጩ። «ዳጉሳው ግን ዳጉሳ ነው። ጋኑም በወይራ ታጥኗል። ከየት አገኘሽው ልጀ?»

«አንዲት ሴት አስተማረችኝ። ከዚህ አገር ነኝ ያለች፣ የሺ የምትባል።»

«የማን ልጅ?»

«አላውቅም እናና። አልነገረችኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከዚህ አገር የወጣች የሺ ብዙ ናት። የትኛዋ እንደሆነች እንጃ። አንዷ ግን ይሄን ይዛ ወጥታለች።»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሁሉም ተናገሩ። «ይሄ ውርንጭላ ሁሉ ምን ያውቃል? ምርጥ ዘር መጣ ተባለ፣ ማሳው ሁሉ በቆሎ ሆነ፤ በክፉ እንዳትሰሙኝ፣ በቆሎም ጥጋብ ነው፣ እኔም በልቸዋለሁ። ዳጉሳ ግን ከደጃችን ጠፋ። ጠላው ነጣ። እነዚህ ሲወለዱ ነጭ ሆኖ ቆያቸው። የእናቴ ጠላ ጥቁር ነበር። ማታ ጠጥተሽው ጠዋት አፍሽ ውስጥ ታገኝዋለሽ። ይሄው አገኘሁት።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ፣ አለቀስኩ። እማማ የሺ አልዋሸችኝም።

«ሰሌዳዬንስ ላውርደው?» አልኳቸው እንባዬን እየጠረግሁ።

«ይውረድ የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ» አሉ እናና ስመኝ። ከዚያ ዋንጫቸውን ዘረጉ፣ ቀዳሁላቸው።

ሰኞ

ጠዋት ልሰናበታቸው እናና ስመኝ ቤት ሄድኩ። የጀሪካኑን ታች፣ አተላውን፣ እንድተውላቸው ጠየቁኝ። «ጥንስስ እጥልበታለሁ። ከመሞቴ በፊት አንድ ጋን ልጥመቅ» አሉ። «ዳጉሳው ነው እንጅ የቸገረኝ።»

አንዷለም ከኋላዬ ቆሞ ነበር። የአገሩን በቆሎ ሁሉ ሲያመላልስ የኖረ ነጋዴ ነው። «ከወደ አዊ አመጣልዎታለሁ እናና» አለ።

ጀሪካኑን ከነቆረቆንዳው ተውኩላቸው። መንገዱን እጄን እያወናጨፍኩ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ረዳቱ ያው የሄድኩበቱ ሆኖ ተገናኘን፤ «ጠላው የታለ?» ሲለኝ «አገሩ ገባ» አልኩት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሻችሁ አይታችኋል፤ ላላያችሁት ልንገራችሁ። ከፋሲካ በኋላ አይሱዙ በሬ ላይ ቆመ። አንዷለም የእኔን ጀሪካን፣ ቆረቆንዳው እንደተወተፈበት፣ ተሸክሞ ገባ።

«እናና ልከውልሻል። ትቅመሰውና ትፍረደኝ ብለዋል።»

ዋንጫ አመጣሁና ቀዳሁ። ጥቁር ነው፤ ከእኔ ይጠቁራል። ለእሱ ሰጠሁት።

«አምጪው አንተ ነህ፣ አንተ ቅደም።»

ቤቱ ያን ቀን እንደነበረው ሙሉ ነበር፤ ሁሉም ያየዋል። ጠጣ። እስከ መጨረሻው ጠጣ፣ ዋንጫውን ገለበጠ።

«እህ?» አልኩት። «ከሰል ነው?»

ወደ በሩ ወጣ፣ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ሲያየው ቆየ።

«ቀለሙ ለቋል» አለ። «ይህን የሚያህል ስም ይዘሽ፣ ምነው አታሳድሽውም?»

አሳደስኩት። ፊደሉንም ከበፊቱ በስንዝር አስበለጥኩት።